ከአጥር ውጭ የቀረው ደረጃ

«ካርታው ላይ ስንት ካሬ ነው?» አለኝ ደላላው በስልክ።

«500።»

«ውሃው ድረስ ይሄዳል?»

«አይሄድም።»

ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ እንዴት ነው የሐይቅ ቤት የምትሉት?» አለ።

ክፋት አስቦ አይደለም። ባቦጋያ ዙሪያ ዛሬ የቦታ ዋጋ የሚወጣው ከበረንዳው እስከ ውሃው ባለው እርምጃ ነው፤ ሰውየው እንጀራው ነውና ጠየቀ። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። በቤተሰባችን ስድሳ ዓመት ሙሉ «የሐይቁ ቤት» ሲባል ኖሮ፣ የሐይቁ የሆነው ምኑ እንደሆነ የጠየቀን የመጀመሪያው ሰው ደላላ ሆነ።

ቤቱን የሠሩት አያቴ ናቸው። የልጅ ልጆች ሁሉ «አባባ» እንላቸዋለን፤ ባለቤታቸውን ደግሞ «እትዬ»። አባባ የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ስድስቱን ቀን ለገሃር ብረት ሲበይዱ ይውሉና፣ እሑድ በሠራተኛ ነፃ ትኬት ሊቶሪና ተሳፍረው ደብረ ዘይት ይወርዳሉ። ሊቶሪና በጣሊያን ጊዜ የመጣች፣ ስሟንም ከዚያው ይዛ የቀረች ባለ ሞተር ባቡር ነበረች። አቃቂን፣ ዱከምን አልፋ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው መንገዱ። ከተማው ያኔ ደብረ ዘይት ነው የሚባለው፤ ቢሾፍቱ የሚለው የጥንት ስሙ የተመለሰለት በኋላ ነው። የአየር ኃይሉ ሰፈር እዚያ ነው፤ ጃንሆይም ቤተ መንግሥት ነበራቸው። መኳንንቱና አብራሪዎቹ በሚዝናኑበት ከተማ አንድ ብረት በያጅ መንጠቆና ምሳ ዕቃ ይዞ ብቻውን ሐይቅ ለሐይቅ ሲዞር ምን ይመስል እንደነበር አንዳንዴ አስበዋለሁ።

ቢሾፍቱን አዩት፣ ሆራን አዩት፤ ልባቸው ያረፈው ባቦጋያ ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ያለ፣ ያን ጊዜ ማንም የማይፈልገው ስለነበር ይመስለኛል። በ1954 ዓ.ም. ከሐይቁ አፋፍ ላይ 2,000 ካሬ የሚሆን ቦታ ገዙ። ዋጋውን እያንዳንዱ አጎቴ በየራሱ ቁጥር ነግሮኛል።

ባቦጋያን ላላየ ሰው፣ ከአፋፉ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት ድስት ነው። የጥንት እሳተ ገሞራ ምድርን ፈልቅቆ የተወው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። የሚገባበት ወንዝ የለም፣ የሚወጣበትም የለም። ጥልቀቱ ከ60 ሜትር በላይ ነው፤ ጎረቤቱ የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ 87 ይደርሳል። ስለዚህ ዳር ቆሞ እግርን መንከር ብሎ ነገር የለም፤ ገደሉን መውረድ ያስፈልጋል።

አባባም ደረጃ ሠሩ። 112 ደረጃ፣ አፈሩን በዶማ ቆርጠው፣ ግንባሩን በጥቁር ድንጋይ ደግፈው። በየ20 ደረጃው ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጡ፤ እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ማረፊያ እንዲሆናቸው ነው። እትዬ በዕድሜያቸው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ውሃው ድረስ የወረዱት ይባላል።

ቤቱ ራሱ ሁለት ክፍል ነው። እስከ ወገብ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ከጎረቤት ሁሉ የሚለየው በረንዳው ነው፤ አራቱ ቋሚዎች ከአገልግሎት የወጣ የባቡር ሐዲድ ናቸው። ከቀለሙ ሥር፣ ብረቱ ገና ትኩስ ሳለ ፋብሪካው ያተመባቸው ፊደሎች አሉ። አባባ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ፣ ወሬ እያወሩም ቢሆን፣ አውራ ጣታቸው እነዚያን ፊደሎች ስትዳብስ ትዝ ይለኛል። ከቀኝ በኩል ሁለተኛው ላይ ቀለሙ እስካሁን በአውራ ጣት ስፋት ተልጦ ይታያል።

እስከ 1967 ድረስ ቤቱ የእሑድና የክረምት ቤት ነበር። መኖሪያቸው አዲስ አበባ ቂርቆስ ነው፤ አምስት ክፍል፣ ከጓሮ ሁለት ሰርቪስ፣ በር ላይ ሾላ ዛፍ። አባቴና እህት ወንድሞቹ ተወልደው ያደጉት እዚያ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ታሪክ ቤተሰባችን በየዓመት በዓሉ ይደግመዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ በእኛ ቤት «አርባ ሰባት» ነው የሚባለው፣ እንደ ሰው ስም። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው። አባባ ገና ጡረታ መውጣታቸው ነበር። ሁሉም ሰው የአዲስ አበባውን ይይዛሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ «ውሃውን ለማን ትቼ?» አሉና የቂርቆሱን ቁልፍ ለቀበሌ አስረከቡ። እዚህ ላይ የሚተርከው ሰው ድምፁ ይለወጣል፤ ሰሚው «አይ አባባ!» ይላል፤ ቡናው ይቀዳል። እኔም ልጅ ሆኜ ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር። አምስት ክፍል ትቶ ሐይቅ የመረጠ አያት ያለው ሌላ ልጅ ክፍላችን ውስጥ አልነበረም።

ተራኪዎቹ ፈጥነው የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። አዋጁ ቦታውንም ቢሆን ከ500 ካሬ በላይ አይፈቅድም። የቀበሌ ሰዎች ገመድ ይዘው መጡና ከ2,000ው ላይ ለኩ። ቤቱ ያለው ወደ መንገዱ ተጠግቶ ስለሆነ፣ አዲሱ አጥር ከመጀመሪያው ደረጃ አራት ሜትር ወዲህ ቀረ። የአባባ 112 ደረጃ የሕዝብ ሆነ ማለት ነው። ለውሃው ብለው የከተማ ቤታቸውን የሰጡት ሰውዬ በአንድ ከሰዓት ከውሃው ተለያዩ። አጥሩ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ በር አበጁና በዚያ መውረዳቸውን ቀጠሉ። በዚያ በር ማንም ከልክሏቸው አያውቅም።

ለደረጃው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደግ ሆነለት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይወርድበት ጀመር፤ ልብስ የሚያጥበው፣ የሚዋኘው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኛ ልጆች «ጋሼ ቆሮሶ» የምንላቸው ጎረቤታችን። ቆሮሶ ከሐይቁ የሚያወጡት አሳ ነው፤ ስማቸው ሌላ ነበር። ከአጥራችን ጀርባ ማሳ ያላቸው የኦሮሞ ገበሬ ናቸው፤ ጠዋት ያርሳሉ፣ ማታ መረብ ይጥላሉ። አንድ ቀን ሁለተኛው ማረፊያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን መረብ ሲጠግኑ፣ ቤት የሰማሁትን የአርባ ሰባትን ታሪክ አወራኋቸው። ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ያ ዓመት ለእኛ ደግ ነበር» አሉ። ከሐምሌ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 25፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቷል። ከምርታቸው ለባለርስት ሲሰፍሩ የኖሩ ጭሰኛ ነበሩ፤ በዚያ የካቲት የሚያርሱት መሬት በእጃቸው ገባ። አባባ ቦታውን የገዙትም ከዚያው ባለርስት ነው።

ያን ቀን ሌላም ነገር ነገሩኝ። ደረጃው የወጣበት መስመር ድሮም መንገድ ነበር፤ አባታቸው ከብት የሚያወርዱበት። ከብት ጨው ጨው የሚለውን ውሃ ይወዳል፤ በኦሮምኛ ሆራ የሚባለው እሱ ነው፣ ጎረቤት ሐይቃችንም ስሙን የያዘው ከዚያ ነው። ገደሉን የት የት ላይ ቢጠማዘዙ እንደሚቀል ያወቁት ላሞቹ ናቸው፤ አባባ ድንጋይ ደረደሩበት። ይህን ቤት ስናገር አጎቶቼ ሳቁና ወሬውን ወደ ሌላ አዞሩት። እስካሁንም በዓል ላይ አይተረክም።

የእኔ ቤት፣ ማለትም እኔ የማውቀው ቤት፣ የ1970ዎቹና የ80ዎቹ መጀመሪያ ነው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንድ ሚኒባስ ሙሉ የልጅ ልጅ ይራገፋል። ሚግ አውሮፕላን ከአየር ኃይሉ ሲነሳ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥና እትዬ «እመብርሃን!» ይላሉ፣ በቀን አሥር ጊዜም ቢሆን። መሬት ላይ ተደርድረን እንተኛለን። የሐይቁ ውሃ ሳሙና በደንብ ያወጣል፣ ሲጠጣ ግን ያቅለሸልሻል፤ ከእኛ መሃል ያልሞከረ የለም።

እትዬ ደብረ ዘይትን ሲያመሰግኑ የሰማሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጤፍ። የአድአን ማኛ አንድ እፍኝ አንስተው በመዳፋቸው ላይ እየበተኑ «ይህ እንኳ አይዋሽም» ይሉ ነበር። ኩሽናውን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው፣ ጠቅልለው በመጡ በዓመቱ፤ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ በሩ ወደ መንገዱ። ግቢው ውስጥ ሐይቁ የማይታይበት አንድ ቦታ ቢኖር እዚያ ነው። ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ይህን ሳስብ፣ እትዬ ያሠሩት ኩርፊያቸውን ነው እል ነበር።

ለገና የሄድንበት፣ 1980 ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት በሽታ ነቃን። የገማ እንቁላል ሽታ ነው፤ ብርድ ልብስ ውስጥም ይገባል። አባባ ቀድመውን በቆርቆሮው በር ቆመዋል። ቁልቁል ስናይ የውሃው ቀለም ተለውጧል፤ ዳር ዳሩ ነጭ ነው። ወርደን ስናየው ነጩ የአሳ ሆድ ነው። ቆሮሶ፣ ትልቁም ትንሹም፣ በጀርባው ተገልብጦ፣ ማዕበሉ ቀስ እያለ ወደ ድንጋዩ ይገፋዋል። አንዳንዱ ገና አፉን ይከፍታል። ጋሼ ቆሮሶ መረባቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ቆመው ያያሉ፤ አላዘኑም፣ አልተገረሙም። «ተገለበጠ» አሉ ለአባባ። አባባም «ተገለበጠ» አሉ።

ማታ በረንዳው ላይ አስረዱን። እንዲህ ያለ ጥልቅ ውሃ ሁለት ነው አሉ፤ ላይኛው ፀሐይ የሚያሞቀው ቀላል ውሃ፣ ታችኛው ደግሞ ነፋስ የማያገኘው፣ አየሩ ያለቀበት። ዓመቱን ሙሉ አንዱ በአንዱ ላይ ተኝቶ ይኖራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ላይኛው ይቀዘቅዝና ይከብዳል፣ ነፋስ ሲጨመርበት ይሰምጣል፤ ታች የከረመው ወደ ላይ ይመጣል። አሳው አየር አጥቶ ይታፈናል። በኋላ ስለነዚህ ሐይቆች የተጻፈ ጥናት ሳነብ፣ የብረት በያጁ ማብራሪያ አንድም ስህተት አልነበረበትም።

እኔ ግን ቀኑን ኩሽና ነበርኩ፤ ሽታው እዚያ ቀለል ይላል። እትዬ የገናን ዶሮ ብልት እያወጡ ነው። ውሃ ሳቀብላቸው፣ ልጅነቴ ይሆናል ያናገረኝ፣ «አባባ ለምን የቂርቆሱን ቤት አልመረጡም?» አልኳቸው። ቢላዋው አልቆመም።

«መረጡ» አሉ። «ሰው ሲመርጥ ይመርጣል።»

ቅልጥሙን ለይተው ሳህኑ ላይ አኖሩት። ቀጥለው፣ እንደ ተራ ነገር፣ «እኔን የጠየቀኝ የለም» አሉ።

ሌላ ምንም አልተናገሩም። ብልቱን ቆጠርን፤ አሥራ ሁለት ሞላ። ከዚያ በኋላም ስለዚያ ነገር ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። «ውሃውን ለማን ትቼ?» የሚለው ተረት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲነገር አንድ ሰው ይጎድልብኛል። ቁልፉ ሲሰጥ እትዬ የት ነበሩ? ተራኪዎቹ ሁሉ ያን ቀን እዚያ የነበሩ ልጆቻቸው ናቸው፤ አንዳቸውም እናታቸው የቆሙበትን ቦታ አያስታውሱም።

አባባ በ1986 አረፉ፤ ቢሾፍቱ ተቀበሩ፣ እንደ ተናዘዙት። እትዬ እስከ 1994 ኖሩ። ሲሞቱ አክስቴ ከአልጋቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ውስጡ ሁለት ቀለበት፣ የአባባ የጡረታ ደብተርና በላስቲክ የታሰሩ አራት የእድር ደብተሮች ነበሩ። የደብረ ዘይት እድር መስሎኝ ነበር። የቂርቆስ ነው።

27 ዓመት። ወር በወር፣ በሐምራዊ ቀለም ማኅተም እየተመታ፣ ጸሐፊው እየተለወጠ፣ መዋጮው ከብር ወደ ብሮች እያደገ። እትዬ በየወሩ አንድ ቀን አዲስ አበባ እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ መጀመሪያ በባቡር፣ በኋላ በአውቶቡስ፣ በመጨረሻ በሚኒባስ። ለልጆቻቸው ጤፍ ሊያደርሱ ነው የምንለው፤ ጤፉም ይመጣል። ያመለጣቸው ወር አንድ ነው፤ ግንቦት 1983፣ መንግሥት የወደቀ ጊዜ። ሰኔ ላይ የሁለት ወር ከፍለዋል።

እድሩም አላሳፈራቸውም። ድንኳኑ የተተከለው ቂርቆስ፣ በድሮው ቤታቸው በር ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ አራት አባወራ በቀበሌ ኪራይ ይኖር ነበር። ሳሎን የነበረውን ክፍል የያዘችው ሴት፣ እትዬን በየወሩ ታውቃቸው ኖሮ፣ አልጋዋንና ቁም ሳጥኗን ጎረቤት አስወጥታ ለለቀስተኛ መቀመጫ አደረገችው። አምስት ክፍል ሲባል የሰማሁትን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁት ያን ቀን ነው። እዚያው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ባልና ሚስቱ በ45 ኪሎ ሜትር ተራርቀው አርፈዋል፤ ይህም በዓል ላይ አይተረክም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቶሎ ያልቃል። የቂርቆሱ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። በ2007 የአዳማው ፈጣን መንገድ ሥራ ሲጀምር ባቦጋያ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አልሆን አለ፤ ሎጁ፣ ሪዞርቱ፣ የሠርግ አዳራሹ ሐይቁን ከበበው። ጋሼ ቆሮሶ አርፈዋል፤ ማሳቸው ላይ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ አለ። ደረጃው እስከ 61ኛው ይወርድና ጠርሙስ የተሰካበት ግንብ ላይ ያበቃል። ሐይቁ ከበረንዳው የሚታየው በግራ ጥግ ወንበር ላይ ለቆመ ሰው ነው።

ወራሾቹ ሰባት ነን። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን፤ ፎቶው አራቱ የሐዲድ ቋሚዎች ናቸው። አይሸጥም የሚሉት ሜሪላንድ ያሉት ናቸው፤ የአባባ ውሃ ነው፣ ልጆቻችን ማየት አለባቸው ይላሉ። ይሸጥ የምትለው አክስቴ ናት፤ የዘበኛውን ደመወዝ የምትከፍለው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ቆርቆሮ የምታስመታው እሷ ናትና። እኔ እስካሁን አልጻፍኩም። የሚወድ ሩቅ ሲሆን ፍቅሩ ርካሽ ይሆናል ብዬ ልጽፍ እፈልግና፣ እኔም የምሄደው በዓመት አንዴ መሆኑ ትዝ ይለኝና አጠፋዋለሁ።

ባለፈው ወር ደላላው ባልና ሚስት ይዞ መጣ። አክስቴና እኔ ቆርቆሮ በሩን ከፍተን ቆየናቸው። ባልየው እንደተጠበቀው ወደ አጥሩ ሄደ፤ ደረጃውን አየ፣ ግንቡን አየ፣ በስልኩ ካርታ ላይ ለካ። ሚስቱ ግን በረንዳው ላይ ብዙም አልቆየችም።

«እማማ፣ ኩሽናው የት ነው?» አለቻት አክስቴን።

ወደ ጀርባ ወሰድናት። ጥላሸቱ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ የእትዬ የምጣድ ቦታ ጠርዙ ፈርሷል። ሴትየዋ ገብታ ዞር ዞር አለችና በሩ ላይ ቆማ ወደ መንገዱ አየች።

«በሩን በሐይቁ በኩል ማዞር አይቻልም?»

ኩርፊያ ነው ያልኩት በር ነው። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ አክስቴ ቀደመችኝ።

«ይቻላል» አለች፣ ከምጣዱ ቦታ ላይ የወደቀውን ጭቃ በእግሯ እየጠረገች። «ግን ነፋሱ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው፤ ጢሱ ይገባባችኋል። እናቴም ለዚህ ነው በዚህ ያደረገችው።»